አገጬን የፈታችው ጫልቱ

ጫልቱ ማረፏን የነገረችኝ ጎረቤቴ ብርቄ ናት። ልብስ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ ከአጥሩ ማዶ ጠራችኝ።

«እትዬ በለጡ፣ ያቺ ባለ መዶሻዋ አረፈች አሉ እኮ። ዛሬ ጠዋት።»

መዶሻ የምትለው ጫልቱ የምትሠራበትን ማሽን ነው። አምቦ ውስጥ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

ሌላው ሰው መርዶ ሲሰማ እጁን ወደ ደረቱ ይሰዳል። የእኔ እጅ ወደ አገጬ ሄደ። ብርቄ የምለውን ስትጠብቅ «ነፍሷን ይማር» ብቻ አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ በላይ የምናገር ሰው አይደለሁም። መስታወቱ ፊት ቆሜ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አስደግፌ አፌን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ ቀስ ብዬ ዘጋሁ። የየዕለት ሥራዬ ነው፤ ያስያዘችኝም ጫልቱ ናት። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

ጫልቱ የእጃጂ ልጅ ነበረች። ሥራዋ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። «ሲስተር አይደለሁም፤ መርፌም አልወጋም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ» ትላለች። «እሺ ሲስተር» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

ሳቋ የሚረሳ አልነበረም። ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት ናት። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም፤ ልጅ ሆና ላም ረግጣት ነው የወለቀው። ማስተከል ትችል ነበር፤ ግድም አልሰጣት። ስትስቅ ያ ክፍት ቦታ በሙሉ ይታያል። እጇን ወደ አፏ አትወስድም፤ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የምትስቀው። መጀመሪያ ያየሁባት ይህንን ነው። እሷ ስላላፈረች እኔ አፈርኩላት።

እኔ በማፈር ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። ስለ ራሴ ማውራት ባልወድም ይህን ካልነገርኩ የእሷ ነገር አይገባም።

ባለቤቴ ያረፈው መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ጩኸቱ አለቀ፤ አፌ ግን አልዘጋ አለ። መንጋጋዬ ከቦታው ወጥቷል። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ አፌን በልቅጬ፣ ምራቄ በአገጬ እየወረደ ቆምኩ። ሴቶቹ ኀዘን የጸናብኝ መስሏቸው አብረውኝ ጮኹ። እኔ መናገር አልቻልኩም። በመጨረሻ ከለቀስተኛው መሐል አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ወጥቶ ሁለት አውራ ጣቶቹን አፌ ውስጥ አስገባና መንጋጋዬን ወደ ቦታው መለሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳጥኑ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ እኔን ይጠብቅ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ሁለት ሴቶች ከጆንያው ጀርባ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያቺ ለባሏ ስታለቅስ አፏ አልዘጋ ያላት?»

«እሷ ናታ። እኔማ ልትውጠን ነው ብዬ ነበር።»

ሳቁ። ክፋት የለባቸውም፤ ነገሩ ያስቃል።

ከዚያ ወዲህ አፌን በሰፊው ከፍቼ አላውቅም። ስስቅ በከንፈሬ፣ ሳዛጋ ጥርሴን ነክሼ ነው። ለቅሶ ቤት የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እንባዬን እጠርጋለሁ እንጂ ድምፅ አላወጣም። ግብዣ ላይ «በልቻለሁ» ብዬ ቤቴ ሄጄ ለብቻዬ እበላለሁ። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ ብዙ ማውራት አይጠበቅብኝም፤ ጭምት ናት ተባልኩ፤ አመቸኝ። ዓመታቱ ሲገፉ ግን መንጋጋዬ እውነትም አልከፈት አለ። ጠዋት ስነሳ ጉንጬ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሳኝክ ጆሮዬ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሕመሙ እስከ ጭንቅላቴ ይወጣል። አንድ ጣት ከጥርሶቼ መሐል በመከራ ነበር የሚገባው። ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ እያለሁ ልጄ ሰናይት ታጨች። የልጁ ቤተሰቦች የሸነን ሰዎች ናቸው፤ ጨዋ ገበሬዎች፣ ሃይማኖታቸው ፕሮቴስታንት። ምሳ ጠሩን። የልጁ እናት አዴ ድንቄ ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ተነሥታ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«አዴ በለጡ፣ በሉ ከእጄ።»

ጉርሻውን አየሁት። በአፌ እንደማይገባ አወቅሁ። ቤት ሙሉ ሰው ያየናል። ፊቴን አዞርኩ።

«እጄ ነው?» አለች በቀስታ።

«አይ፤ ሆዴን አሞኝ ነው።»

ጉርሻው በእጇ እንዳለ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሳምንት በኋላ ከሸነን ሽማግሌ መጣ። ሆዴ ዳነ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዳነ አልኩ። «እንግዲያው» አለ ዘንጉን እያሻሸ፣ «ሰዎቹ ምን ይላሉ መሰለሽ? ከእጃችን መብላት የተጸየፈች ሴት ልጇን ለምን ትሰጠናለች ይላሉ። በሃይማኖታችን ከሆነ ትንገረን፤ በገበሬነታችን ከሆነም ትንገረን ይላሉ።»

ቡና ደገምኩለት። ንቀትሽ ነው ሲሉኝ መስማት፣ አፌ አይከፈትም ከማለት ቀለለኝ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ሰናይት ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ ሠርጌ ሊፈርስ ነው እኮ።»

«ምን ላድርግ?»

«አሞኛል በያ! አፍሽን ያመመሽ እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሻል? ሌሊት ጥርስሽ ሲፋጭ እኮ ከእንቅልፌ ያነቃኛል።»

በማግስቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በራጅ አይቶ አጥንቱ ደህና ነው፣ የተቋጠረው ጡንቻውና መጋጠሚያው ነው አለና ወደ ጫልቱ ላከኝ።

የጫልቱ ክፍል አንድ ነው። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ከተዘጋ ፀጉር ቤት የተገዛ ረጅም መስታወት ተሰቅሏል፤ ከፊቱ በርጩማዎች ተደርድረዋል። ስገባ ሦስት አራት ሰዎች መስታወቱን እያዩ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ከተማው ሁሉ የሚፈራው ሰው ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ አገጩን ወደ ታች ያወርዳል። ሌላው የጊንጪ ሾፌር ነው። ጫልቱ ከኋላቸው እየተመላለሰች፣ «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ! ኦቦ ዳኛ፣ አገጭዎ ወደ ግራ ከዳ። ፍርድ አያዛቡ» ትላለች። ዳኛው ሳቀ። ሲስቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልወጣ ዞር አልኩ፤ ሰናይት በሩን ዘግታ ቆማለች።

ጫልቱ ወደ እኔ መጣች። «አካም ጅርቱ፣ አዴ? ይቀመጡ። ባና፤ አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ እንደያዝኩ ከፈትኩ።

«አዴ፣ የታመመው ነጠላዎ ነው እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። «ለብቻዬ ብታይኝ ይሻላል። መጋረጃ የለሽም?» አልኳት።

«ነበረኝ። መጋረጃ ውስጥ የገባ ሁሉ በሽታው በዓለም ላይ የእሱ ብቻ እየመሰለው አላስሠራ አለኝ። አወረድኩት። አሁን ቤቴ ሶፋ አልብሼበታለሁ፤ አምሮበታል።»

ነጠላዬን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወስዳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። እጇ ሞቃት ነው። ሁለት ጣቶቿን ከጆሮዬ ፊት አሳርፋ፣ ይክፈቱ ይዝጉ እያለች አዳመጠች። ጉንጬን ስትጫነው እንባዬ መጣ።

«ስንት ዓመት ነክሰው ያዙት?» አለችኝ።

ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ አጣጠፍኩ። እሷም አልደገመችም። ቀልደኛ ብትሆንም የት ላይ ዝም እንደሚባል ታውቅ ነበር፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ስለ ማሽኑ ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። «ስሙ ሾክ ዌቭ ነው። ዋና ሥራው ተረከዝና ትከሻ ነው። መንጋጋ ላይ የሚሠሩበት ጥቂቶች ናቸው፤ እኔም ኃይሉን ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው። ካልጠቀመዎት ካልጠቀመዎት እልዎታለሁ፤ አልዋሽም። ይሄ ማሽን የተቋጠረውን ጡንቻ ያንኳኳል። ማንኳኳት ብቻ ነው ሥራው። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ተነሥቶ ካልከፈተ በር ቢያንኳኩ ምን ይጠቅማል? የሚነሡት እርስዎ ነዎት። እዚህ መስታወት ፊት፣ ቤትዎም መስታወት ፊት።»

ጉንጬ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችኝና የማሽኑን እጀታ አሳረፈችው። ጠጠጠጠጠ አለ። የድሮ የጽሕፈት መኪናዬን ድምፅ መሰለኝ። ያማል፤ ግን የሚቻል ሕመም ነው። እሷ መዝሙር እያንጎራጎረች ትሠራለች፤ ከጆሮዬ ራቅ፣ ከዓይኔ ራቅ፣ የጉንጬ ወፍራም ጡንቻ ላይ ብቻ። ተራ የሚጠብቅ አንድ የደንዲ ገበሬ፣ «ሲስተር፣ ለእኔ ስትደርሺ ጨምሪው፤ ከሩቅ ነው የመጣሁት» አላት። «በኪሎ ሜትር አይደለም የሚመታው፣ ኦቦ» አለችው።

በየሳምንቱ መሄድ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ያደረግሁት ነገር አሁንም ሳስበው ፊቴን ያቀላዋል። ለሕመሜ ከዚያ በፊት የሄድኩት ጸበል ብቻ ነበር፤ መታከም ማለት ለእኔ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ለማሽኑም ጾሜን ሄድኩ። ቅባቱን ይጥረጉት ብላ ጨርቅ ስትሰጠኝ ለይምሰል ነካ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ጸበል ተጠምቆ የሚደርቅ የለም። ቤቴ እንደገባሁ ኃይሉ እንዳይወጣ አገጬን በነጭ ሻሽ ከሥር ወደ ላይ አስሬ አናቴ ላይ እቋጥራለሁ። እስኪመሽ አልናገርም፤ አላኝክም። መስታወቱ ፊት የተባልኩትን አንድም ቀን አልሠራሁም። አፍ እየከፈቱ መዝጋት የተመታውን የሚያፈርስ መሰለኝ።

አልተሻለኝም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሽማግሌው ስለ ልጆቹ ብሎ ሠርጉን አላስፈረሰም፤ ቅያሜው ግን እንዳለ ነው፤ ቀኑም እየቀረበ ነው። ጫልቱ ጣቷን ከጥርሴ መሐል ታስገባለች፤ ያው አንድ ጣት ነው። ግንባሯን ትቋጥራለች። አንድ ቀን ሳትጠራ ቤቴ መጣች። በር ስከፍት አገጬ እንደታሰረ ነው።

ደነገጠች። ወደ ውስጥ አየች፤ መልሳ እኔን አየች።

«አዴ፣ ማን ሞቶ ነው አገጭዎን ያሰሩት?»

በምልክት ልነግራት ሞከርኩ። ሻሹን እያየች፣ ያልተጠረገ ጉንጬን እያየች ቀስ በቀስ ገባት። ሳቀች። በሩ ላይ ተደግፋ፣ ያ የጎደለ ጥርሷ ቦታ እየታየ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋ ቆመና ተቆጣች።

«ጸበሉን አልነካሁብዎትም እኮ። ጸበል በጸበልነቱ፣ ይሄ በማሽንነቱ። እኔ የፈታሁትን እርስዎ ቤት ገብተው ያስሩታል?»

እጇን ወደ አናቴ ሰደደች። ቋጠሮውን ፈታች። ሻሹን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አገጭ የሚታሰረው አንድ ጊዜ ነው፣ አዴ። ያኔም የሚያስርልዎት ሌላ ሰው ነው። እስከዚያው ይክፈቱት።»

እዚያው በሩ ላይ እያለን አስጀመረችኝ። ምላስ ላንቃ ላይ፣ አገጭ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሱታ። ከዚያ በሞቀ ፎጣ፤ ከዚያ በጣት ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት፤ ከዚያ አውራ ጣትን አገጭ ሥር አድርጎ ጥቂት እየተከላከሉ መክፈት። አፍ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ከንፈር ይገጥማል፣ ጥርስ ይለያያል። ቆሎ ከለከለችኝ። እሷ ግን ኪሷ ሁልጊዜ ቆሎ አለው፤ እኛን ከልክላ ፊታችን ትቆረጥማለች። «የእኔ መንጋጋ የላም እርግጫ የቻለ ነው» ትላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑም መስታወቱም አንድ ላይ ሄዱ። መሥራት ያሳፍረኝ ነበር፤ ሠራሁ። በመስታወት ውስጥ ከዳኛው አጠገብ የሚታየውን የራሴን የተከፈተ አፍ ማየት ያንን የለቅሶ ቀን ያመጣብኛል። ዳኛው አንድ ቀን ፊቱን ሳያዞር፣ «እኔ ችሎት ላይ ነው የቆለፈብኝ፤ ፍርድ እያነበብኩ» አለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። ግን ከዚያ በኋላ አጠገቡ መቀመጥ ቀለለኝ። ሠርጉ ሲደርስ አፌ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር። ጫልቱ ጤነኛ አፍ ሦስት ጣት ያስገባል ባይ ናት፤ ሆኖም ለሠርግ ይበቃል አለች።

ሰናይት አግብታ መልሱ እኛ ቤት ሆነ። ጫልቱን ልጄ ጠርታት መጥታለች። የሸነን ሰዎች ገቡ፤ ሰላምታቸው ብርድ አለው። ማዕድ ቀረበ። አዴ ድንቄ ተነሣች። እንደዚያን ቀን በሁለት እጇ፣ እንዲያውም ከዚያኛው የሚበልጥ ጉርሻ ይዛ መጣች። እየፈተነችኝ ነው። ሁሉም ማኘኩን አቆመ። እኔ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አድርጌ አፌን መክፈት ጀመርኩ። ሱታ። ጉርሻው ቀረበ። እንደማይገባ አየሁ። አንገቴ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸ። የአዴ ድንቄ ፊት ተለወጠ።

ያኔ ነው ጫልቱ ከማዶ የጮኸችው።

«አዴ ድንቄ! የእሷ አፍ ሁለት ጣት ነው የሚከፈተው! መንጋጋዋ የታመመ ነው፤ እኔ ነኝ የማክማት። ይሄ ጉርሻ ለእሷ በር ሰብሮ መግባት ነው። ይቀንሱላት!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የሸፈንኩትን፣ በሽማግሌ እንኳ ተጠይቄ ያልተናገርኩትን፣ በልጄ መልስ ላይ በአደባባይ ዘረገፈችው። ነጠላዬን ወደ አፌ አነሣሁ።

አዴ ድንቄ አልሳቀችም። ጉርሻውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ያን ቀንም ይሄ ነበር?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በጉልበቷ ፊቴ ተንበረከከች። ከጉርሻው ላይ ለሕፃን እንደሚደረገው ቆንጥራ፣ ነጠላዬን በክርኗ ገፋ አድርጋ አጎረሰችኝ። ደግማ ቆነጠረች። ያንን ትልቅ ጉርሻ እንደዚያ እየቆነጠረች፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየን፣ በሙሉ አበላችኝ።

ዝምድናው ዳነ። እኔ ግን ጫልቱን ተቀየምኩ። ክሊኒኳ መሄድ አቆምኩ። እንቅስቃሴውን ቤቴ ለብቻዬ፣ በእልህ ሠራሁ። ልክ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ሌላ መንገድ እንዳልነበረም አውቃለሁ። ግን ሰው በገላው ላይ የደበቀውን ሌላው ሲገልጥበት፣ ለበጎም ቢሆን፣ ያው መገለጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተገናኘን። ቆሎ እየቆረጠመች ነው።

«አዴ፣ ተቀይመውኛል አይደል?»

«አዎ።»

«ይቀየሙ፤ መብትዎ ነው። ግን ጥርስዎን ሳይነክሱ ይቀየሙኝ። ይኸው ነክሰዋል፤ ከዚህ ሆኜ ጉንጭዎ ሲወጠር ይታየኛል።»

እውነቷን ነው፤ ነክሼ ነበር። ጥርሶቼን አለያየሁ። ጥርስ ተለያይቶ መቆጣት ከባድ ነው፤ ሞክሩት። ሳቅሁ፤ እጄ ወደ አፌ ከመድረሱ በፊት ነው ያመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ቆሎውን ወደ ኪሷ መልሳ፣ «የዛሬው ሳቅዎ ምንም ቀጭ አላለም» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በርጩማዬ ላይ ተመለስኩ።

የታመመችው ከዚያ በኋላ ነው። ሆዷ ውስጥ የነበረ በሽታ ነው፤ አዲስ አበባ ተመላለሰችና በመጨረሻ ቤቷ ተኛች። ልጠይቃት ስሄድ ሶፋው ላይ፣ በዚያ መጋረጃ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ያ ትከሻ የለም።

«ያሳዩኝ» አለችኝ።

ከፈትኩላት። ሦስት ጣቶቿን አንድ ላይ አድርጋ ከጥርሶቼ መሐል አቆመቻቸው። ገቡ።

«ሦስት ጣት» አልኩ፣ እጇን ስታወጣ።

ጣቶቿን አየቻቸው። «ማጭበርበር ነው፤ አይያዝልኝ» አለች። «የእርስዎ አፍ አልጨመረም። የእኔ ጣት ነው የቀነሰው።» ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ጥቂት ሳቀችና ደከማት።

ማመስገን ነበረብኝ፤ «ነገ እመጣለሁ» አልኩ።

ብርቄ በነገረችኝ ጠዋት ስደርስ ግቢው ውስጥ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ይዘምራሉ። ጓዳ ገባሁ። እህቷና ሁለት ሴቶች አጥበዋት ጨርሰዋል። አፏ አልገጠመም፤ ያ የጎደለ ጥርስ ቦታ ይታያል። አቡጀዲው ገና ከገበያ አልመጣም። እህቷ አገጯን ለመያዝ እጇን ትዘረጋና ትመልሳለች።

«አዴ በለጡ» አለችኝ፤ «እኔ አልቻልኩም።»

ጠጋ አልኩ። ራሷ እንዳስተማረችኝ ሁለት ጣቶቼን ከጆሮዋ ፊት መጋጠሚያው ላይ፣ አውራ ጣቴን አገጯ ሥር አደረግሁ። ሱታ። መንጋጋዋ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልከዳም። እንዳይመለስ በአንድ እጄ ያዝኩና የነጠላዬን ጫፍ፣ ያንን ስንት ዓመት አፌ ላይ የያዝኩትን፣ በጥርሴ ነክሼ ቀደድኩት። ከአገጯ ሥር ወደ አናቷ አዙሬ አሰርኩ። ቋጠሮውን አላጠበቅሁም። የቀረውን ነጠላ ፊቷ ላይ አለበስኩት።

ወደ ግቢው ስወጣ ዳኛው አለ፤ የጊንጪው ሾፌር አለ፤ የመስታወቱ ሰዎች በሙሉ አሉ። አዩኝ። እጄ ወደ ትከሻዬ ሄዶ ነጠላ ፈለገ፤ የለም።

አፌን ከፈትኩ። ጆሮዬ ሥር ቀጭ አለ። ጮህኩ። ዘማሪዎቹ አቆሙ፤ ከተማው ሁሉ አየኝ። የሳቀ ካለ አልሰማሁም።

ጮኼ ስጨርስ ዘጋሁት። ተዘጋ።